በነጻ ያሻሻጥኩት ሰንጋ

መርሳ ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ። ከመጽሐፉ ሁሉ አብልጬ የምወደው የፐርሰንትን ምዕራፍ ነው፤ እሱ ላይ ስደርስ ድምፄ ራሱ እንደሚቀየር ተማሪዎቼ ነግረውኛል። ይህን ከመነሻው መናገሬ ለጉራ አይደለም። ከዚህ በታች ያለውን ጉድ የሠራው ሰው ቁጥር የማያውቅ እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው።

በዘመድ አዝማድ ዘንድ «ብር አያያዝ የሚያውቅ» የምባለው እኔ ነኝ። ስሙን ያገኘሁት ብር ኖሮኝ አይደለም፤ የመምህር ደመወዝ ምን አያያዝ ያስፈልገዋል፣ ራሱ አውቆ ይሄዳል። ስሙን ያወጣልኝ ጠብ ነው። ባንኩ ለመልእክት ብሎ ሲቆርጥብኝ፣ ስልኩ ብር ላስተላልፍልህ ብሎ ሲቆርጥብኝ፣ ባለሱቁ ዝርዝር የለኝም ብሎ ማስቲካ ሲያስታቅፈኝ ዝም አልልም። አንድ ጊዜ አሥራ አንድ ብር ያለአግባብ ተቆርጦብኛል ብዬ ወደ ባንኩ በባጃጅ ሄጄ፣ ግማሽ ቀን ተሰልፌ፣ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ድረስ ገብቼ አስመልሻለሁ። ለባጃጁ ደርሶ መልስ ስንት እንደከፈልኩ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልተናገርኩም። በማግስቱ መምህራን ክፍል ስገባ እንደ ጀግና ነበር የተቀበሉኝ።

የአባቴ ታላቅ እህት ግራና አጠገብ ይኖራሉ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ማሳውን የሚያሠሩት ራሳቸው ናቸው፤ ሠራተኛ ቀጥረው፣ ሠራተኛ ገሥጸው፣ በውሃ ተራ ከወንዶቹ ጋር እየተጣሉ። ማንበብ አይችሉም። ሒሳባቸውን የሚይዙት ከሶላት በኋላ ዚክር እንደሚያደርጉት በጣታቸው አንጓ እየቆጠሩ ነው፤ ሲሳሳቱ ግን አይቼ አላውቅም።

ያን ሰሞን አሥራ አራት መደብ ቀይ ሽንኩርት ተክለው ነበር። የዓመቱ ቀለብ፣ የማዳበሪያው ዕዳ፣ የታናሽ ልጃቸው የኒካህ ወጪ፣ ሁሉም እዚያ መደብ ላይ ነው ያለው። ችግኙ ገና ሥር ሲይዝ ከጉድጓዱ ውሃ የሚስበው ሞተር ተቃጠለ። መርሳ ያለው መካኒክ ከፍቶ አየው፣ እንደ ለቀስተኛ አንገቱን ነቀነቀ፣ «እግዜር ይተካልዎት» ብሎ መልሶ ዘጋው።

የመስኖው ተራ ስለደረሳቸው አንድ ጊዜ አጠጥተዋል። የውሃ አባቱ፣ ማለትም የቦዩን ውሃ ለገበሬው የሚያከፋፍሉት ሽማግሌ፣ ቀጣዩ ተራ ገና አሥራ ሁለት ቀን እንደሚቀረው ነግረዋቸዋል። ለጋ ሽንኩርት ደግሞ በዚያ ፀሐይ ቢታገሥ ስምንት ቀን ነው። ነገሩ እንግዲህ ግልጽ ነበር፤ በስምንት ቀን ውስጥ አዲስ ሞተር መግዛት። ለዚህም ስምንት ወር ሙሉ ያደለቡት ሰንጋ በረታቸው ቆሟል።

«ሰንጋውን መርሳ ላወጣው ነው፤ ደላላውን አናግርልኝ» አሉኝ በስልክ።

ደላላ የሚለውን ቃል ስሰማ ደሜ ይፈላል። «ደላላ ምን ያደርግልዎታል፣ እትየ?» አልኳቸው። «ከሻጭ አንድ ሺ፣ ከገዢ አንድ ሺ ይቀበላል። ሣር አላጨደ፣ ውሃ አላጠጣ። እኔ እያለሁ አንቱ ለደላላ ይከፍላሉ?»

«ኧረ ልጄ፣ ሥራው ነው እኮ። ሐቁ ነው።»

«እኔ በነጻ አሻሽጥልዎታለሁ።»

«በጀ» አሉ፤ «አንተ የተማርከው ታውቃለህ።»

ይህችን አባባል እስከዚያ ቀን ድረስ እንደ ምርቃት ነበር የምሰማት።

በገበያው ቀን አክስቴ ጎህ ሲቀድ ተነሥተው ሰንጋውን ከአንድ ሠራተኛቸው ጋር እየነዱ መጡ። ከብት ተራ ስንገናኝ ሦስት ሰዓት ሆኗል። እውነት ለመናገር ሰንጋው ያምር ነበር፤ ቀይ ነው፣ ሻኛው ከብዶት ወደ ጎን ዘንበል ብሏል። አልፎ የሚሄድ ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ ጀርባውን መታ ሳያደርግ አያልፍም። ደላላው ከሩቅ አይቶን መጣ። ዘንግ ይዟል፣ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሏል፣ አክስቴን በስማቸው ጠርቶ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ሽንኩርቱ፣ ስለ ተቃጠለው ሞተር ሳይቀር ጠየቃቸው። ሞተሩ መቃጠሉን ማን እንደነገረው አላውቅም።

እኛ ገበያ የከብት ዋጋ በአፍ አይጠራም። ደላላው የሻጩን እጅ ፎጣው ስር ያስገባና ጣት ይጨብጣል፤ ሁለት ጣት፣ ሦስት ጣት፣ የጣት አጋማሽ። ከዚያ ሄዶ የገዢውን እጅ እንዲሁ ይይዛል። አጠገባቸው ለቆመ ሰው ሰላምታው የረዘመባቸው ነው የሚመስለው።

«መምህር፣ ይህን ሰንጋ ሰባ ስድስት ሺ አወጣዋለሁ» አለኝ ደላላው። «በካሽ። ቀትር ሳይሆን እትየን ወደ ቤታቸው እሸኛቸዋለሁ። ለእኔ አንድ ሺ።»

ይኼኔ የፐርሰንቱ መምህር ተነሣብኝ። «ይኸ እኮ አንድ ነጥብ ሦስት ፐርሰንት ገደማ ነው!» አልኩት፣ ሌባ እጅ ከፍንጅ የያዝኩ ያህል እየጮህኩ።

«ይሁና» አለኝ። ብዙ ነው ማለቴ ይሁን ትንሽ ነው ማለቴ አልገባውም። አሁን ተረጋግቼ ሳስበው ለእኔም ትንሽ ነው። ያን ቀን ግን ፐርሰንት የሚለውን ቃል ራሴ ተናግሬ ራሴ ደነገጥኩ።

«ንጹሕ ንግድ ከሆነ ፎጣ ስር ምን አስገባው?» አልኩት። «ዋጋ በአደባባይ ነው የሚነገረው።» ከዚያም ወደ ነጋዴዎቹ ዞሬ፣ ክፍል ውስጥ የመጨረሻው ረድፍ ድረስ በሚሰማው ድምፄ፣ «ሰባ አምስት ሺ!» ብዬ ጮህኩ።

አክስቴ ክንዴን ቆነጠጡኝ። መቆንጠጣቸውን ከኩራት ነው የቆጠርኩት።

ደላላው ፎጣውን ወደ ትከሻው መለሰ። «አላህ ይርዳችሁ» አለና ወደ ሌላ በሬ ሄደ።

የፎጣው ምስጢር የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። ፎጣ ስር የሚገባ ገዢ ሌላው ምን እንደሰጠ ስለማያውቅ ይፈራል፤ እየፈራም ይጨምራል። እኔ ግን የመርሳን ነጋዴ በአንድ ቃል ከፍርሃት ገላገልኩት። ሰባ አምስት ተብሎ በአደባባይ ተጠርቷል፤ ከእንግዲህ ከዚያ በላይ የሚያስብ ማን ጅል አለ? የመጀመሪያው ነጋዴ መጥቶ «ስልሳ አምስት» አለ፣ እሱም እንደ እኔ ጮክ ብሎ። ይህን የሰማ ሌላ ነጋዴ ደግሞ በጓደኛው ዋጋ ላይ አምስት ሺ ጨምሮ መቀያየም አይፈልግም፤ ስልሳ ስድስት ይላል። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል። እኔ ሁለቱንም በአንድ ጠዋት ፈጽሜያለሁ።

ከእኛ አጠገብ የቆመ፣ በሻኛም በጎንም ከእኛው የሚያንስ በሬ በደላላው ፎጣ ስር አልፎ ሰባ አራት ሺ ወጣ። ባለቤቱ ብሩን ሁለት ጊዜ ቆጥሮ በጨርቅ ጠቀለለ። ከዚያ ላይ ለደላላው አንድ ሺ ሲሰጥ አየሁት። የተበላ ገበሬ ብዬ ከልቤ አዘንኩለት።

አሥር ሰዓት ሲሆን ሰንጋው ሰባ ሺ ተሸጠ። የገዛው በአይሱዙ ጭኖ ወደ ሸገር የሚወስድ ነጋዴ ነው። «ካሽ ይዤ አልዞርም፤ አካውንት ስጡኝ» አለ። ደስ አለኝ። የተማረ ሰው ንግድ ማለት ይኸ ነው፤ ቆሻሻ ብር መቁጠር የለ፣ ሐሰተኛ ኖት የለ፣ ሌባ የለ።

አክስቴ አካውንት የላቸውም። ወለድ ሐራም ነው ብለው ነው። ባንክ ያለች አንዲት ሠራተኛ ወለድ አልባ የሚባል አለ፣ መስኮቱም ለብቻው ነው ብላ ልታስረዳቸው ሞክራ ነበር። ስትጨርስ፣ «ልጄ፣ መስኮቱስ ለብቻው ይሁን፤ ማታ የሚያድረው አንድ ካዝና ውስጥ አይደል?» ብለው ጠየቋት። ስለዚህ ብሩ ወደ እኔ አካውንት ይግባ ተባለ። የነጋዴው ባንክ ሌላ፣ የእኔ ባንክ ሌላ። ከስልኩ ላይ «ተልኳል» የሚለውን አሳየኝ። የእኔ ስልክ ግን ጭጭ ብሏል።

አክስቴ የሰንጋውን ገመድ ይዘው አልለቅም አሉ። «የታለ ብሩ?»

«መንገድ ላይ ነው፣ እትየ። ይልቀቁለት።»

«መንገድ ላይ? ማን ይዞት ነው የሚመጣው?»

ሳቅኩ። አይሱዙው ሞተሩን አስነሥቷል፣ ነጋዴው ተቆጥቷል፣ እኔ አፍሬያለሁ። ገመዱን ከእጃቸው ቀስ ብዬ ወስጄ ለነጋዴው ሰጠሁት። መኪናው ከተማውን ለቆ እስኪወጣ ድረስ አክስቴ ከቆሙበት አልተነቃነቁም።

በማግስቱ ባንክ ሄድኩ። «ሲስተም የለም» አሉኝ። ሲስተም የለም የሚባል ነገር ከየት እንደሚመጣ፣ መቼ እንደሚሄድ የሚያውቅ ሰው የለም፤ እንደ አንበጣ ነው፣ መጣ ይባላል፣ ሄደ ይባላል። በቀን ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ትምህርት ቤት አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ግራና ያሉት አክስቴ በየሶላቱ መሐል ይደውላሉ። «አብሽሩ፣ ይገባል» እላቸዋለሁ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ፤ ሰባ ሺ ብር ገባ። ወላሂ እንዲያ ዘልዬ አላውቅም። ከስምንቱ ቀን ሦስቱ ማለቃቸውን ግን አልቆጠርኩትም። እኔ የምቆጥረው የሚቆረጠውን ነበር።

በአራተኛው ቀን ከአክስቴ ጋር ወልድያ ሄድን። ሲሪንቃ ላይ ሚኒባሱ ሰው ሲጭን አክስቴ በመስኮት የግብርና ምርምር ማዕከሉን እርሻ አዩ። አረንጓዴ ነው፣ መሬቱ ርሷል፣ አንድ ሰው ቱቦ ይዞ ያጠጣል። «ያረቢ፣ እንዴት ይጠጣል!» አሉ። ሚኒባሱ ተነሥቶ እርሻው ከዓይናቸው እስኪጠፋ ድረስ አንገታቸውን አዙረው አዩት። እኔ ያን ጊዜ ከረዳቱ ጋር በአምስት ብር መልስ እጨቃጨቅ ነበር።

ወልድያ የውሃ ሞተር የሚሸጠው ባለሱቅ ትሁት ሰው ነው። የእኛ ጉድጓድ ጥልቀት የሚፈልገው ሞተር አንድ ብቻ ቀርቶት ነበር። ሞተሩና ቱቦው አንድ ላይ ስልሳ ስድስት ሺ። ኪሳችን ውስጥ ሰባ ሺ አለ፤ ማለቴ ስልኬ ውስጥ። አካውንቱን ስጠይቀው ፊቱ ትንሽ ቅር አለው።

«በአካውንት ከሆነማ ደረሰኝ እንቆርጣለን፤ አሥራ አምስት ፐርሰንት ይጨመራል። ስልሳ ስድስት ያልኩህ በካሽ ነው።»

ግብር ለአገር ልማት መሆኑን በየዓመቱ ተማሪ ፊት ቆሜ አስተምራለሁ፤ ምሳሌ የምሰጠውም በዚሁ በአሥራ አምስት ፐርሰንት ነው። ሰባ አምስት ሺ ዘጠኝ መቶ። አእምሮዬ ቁጥሩን ከካልኩሌተሩ ፈጥኖ አወጣው፤ በዚያ በኩል ችግር ኖሮብኝ አያውቅም። «በካሽ እንከፍላለን» አልኩ።

«ቀብድ አምስት ሺ ከሰጠኸኝ አስቀምጥልሃለሁ» አለ።

አክስቴ ወዲያው «ስጠው» አሉኝ። እሳቸው የቋጠሯት አምስት ሺ ብር ነበረቻቸው፤ እጃቸውን ወደ መቀነታቸው ሰደዱ። እኔ አስቆምኳቸው። ቀብድ የበላ ነጋዴ ስንቱን ሰምቻለሁ! ብር ሳይዙ ዕቃ፣ ዕቃ ሳይዙ ብር አይሰጥም። ይህን ለባለሱቁ አስረዳሁት፤ እሱም በትሕትና አዳመጠኝ።

ባንክ ስንደርስ ገንዘብ ከፋይዋ «ዛሬ ካሽ ስላነሰን ለአንድ ሰው ከአሥራ አምስት ሺ በላይ አንሰጥም» አለች። የራሳችን ብር ነው አልኳት። አውቃለሁ አለችኝ። መንገድ ላይ ያለው የሌላ ባንክ ማሽን አራት ሺ፣ አራት ሺ ሁለት ጊዜ ሰጠኝ፤ በእያንዳንዱ ላይም ቆረጠ፣ ለመልእክቱም ቆረጠ። ያን ቀን ያወጣሁት ሃያ ሦስት ሺ ሆነ። አክስቴን ወደ ግራና ሸኘኋቸው። በአህያ ከወንዝ በጀሪካን እያመላለሱ የቻሉትን ያህል ሊያጠጡ ወሰኑ። ያን አምስት ሺ ብር ለጀሪካን፣ ለኪራይ አህያና ለቀን ሠራተኛ አወጡት። ይህን ያወቅሁት ቆይቼ ነው።

አምስተኛው ቀን፣ ሃያ ሦስት ሺ። ስድስተኛው ቀን፣ ሃያ ሺ። በሚኒባስ ከመርሳ ወልድያ፣ ከወልድያ መርሳ። ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ይዤ የተቆረጠብኝን ሁሉ እጽፍ ነበር፤ የማሽን፣ የመልእክት፣ የአገልግሎት። በድምሩ ሁለት መቶ ሠላሳ ብር። ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ሁለት መቶ ሠላሳውን ከአንድ ሺው ላይ ስቀንስ ሰባት መቶ ሰባ ብር አተረፍኩ። ከንፈሬ ፈገግ እንዳለ አስታውሳለሁ፤ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ዞር ብላ አይታኛለች።

ስድስተኛው ቀን ከሰዓት ስልሳ ስድስት ሺ ብር በላስቲክ ቋጥሬ ሱቁ ደረስኩ። ሞተሩ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው።

«ትናንት አንድ የቆቦ ሰው ወሰደው» አለ ባለሱቁ።

«እንዴት ትሸጠዋለህ? ይኸው ብሩን ይዤ መጣሁ እኮ!»

«መምህር፣ ቀብድ ጠይቄህ ነበር።» አሁንም ትሑት ነው። ሰው ሲሳሳት ትሕትና እንደሚያቃጥል ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ሌላ ጭነት ከነገ ወዲያ እንደሚገባ፣ ዋጋው ግን ሁለት ሺ እንደጨመረ ነገረኝ። ሌሎቹ ሱቆች ያላቸው ትንንሹን ነው፤ ለዚያ ጉድጓድ አይደርስም። ወልድያን እስኪመሽ ዞርኳት። ከዚያ ለአክስቴ ደወልኩና «ትንሽ ይታገሡ» አልኳቸው። «እኔስ እታገሣለሁ» አሉኝ።

ሞተሩን በስምንተኛው ቀን ማታ በስልሳ ስምንት ሺ ገዛሁ። ዘጠነኛው ቀን ረፋድ ላይ ማሳው ደረስኩ።

ከጉድጓዱ አጠገብ ያሉት አምስት መደቦች በጀሪካን ውሃ ተርፈዋል። ዘጠኙ ነጭ ሆነዋል። ቅጠሉ መሬት ላይ ተኝቶ እንደ ክር ቀጥኗል፤ ስነካው እጄ ላይ ፍርክስክስ አለ። የአክስቴ መዳፍ በጀሪካን ጆሮ ተልጦ በጨርቅ ታስሯል። ሞተሩ ተገጠመ፣ ተነሣ፣ ውሃው ተፈተለከ። ሠራተኞቹ ደስ ብሏቸው ጮሁ። እኔም እዚያ ቆሜ፣ ማን አስገድዶኝ እንደሆነ እንጃ፣ ደብተሬን አውጥቼ፣ «እትየ፣ ከደላላው አንድ ሺ ብር ላይ ሰባት መቶ ሰባ አትርፈናል» አልኳቸው።

አክስቴ የደረቁትን መደቦች እያዩ ነበር። «አላህ ይስጥህ» አሉኝ።

ቤቴ ገብቼ ነው በትክክል የሠራሁት። ተማሪዎቼ እንዳያዩኝ የፈለግሁ ይመስል በሩን ዘግቼ። ደላላው ሰባ ስድስት ሺ አወጣዋለሁ ብሏል፤ አንድ ሺው ሲነሣለት ሰባ አምስት። እኔ ያወጣሁት ሰባ። አምስት ሺ ሄደ። ሞተሩ ሁለት ሺ ጨመረ። አህያውና የቀን ሠራተኛው አምስት ሺ። ከኪሴ የወጣ ሚኒባስ። ዘጠኝ መደብ ሽንኩርት ስንት ኩንታል እንደሚወጣው፣ በመከር ሰሞን ኩንታሉ ስንት እንደሚሸጥ አሰላሁ፤ ሦስት ጊዜ አሰላሁት፤ የተሳሳትኩ ሊሆን ይችላል ብዬ። አልተሳሳትኩም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል ብብት ውስጥ ያለው ሁልጊዜ የራስ የሚመስለኝ ነበር። እኔ የጣልኩት የሰው ብብት ውስጥ ያለውን ነው። አፈርኩ። እንዲያ አፍሬ አላውቅም፤ ለብዙ ሌሊት ያ እንደ ክር የቀጠነ ቅጠል ከዓይኔ አልጠፋም።

የባንኩን ክፍያ ሁሉ አውቃለሁ፤ የትኛው መልእክት ስንት እንደሚያስቆርጥ በቃሌ ነው። አንድ ቀን መዘግየት ስንት እንደሚያስከፍል ግን በየትኛውም መልእክት አይመጣም። «ውድ ደንበኛችን፣ ዛሬ በብልጠትዎ ምክንያት አንድ መደብ ሽንኩርት ተቆርጧል» የሚል ባንክ የለም። ቢኖር ኖሮ እሱንም ላስመልስ በባጃጅ እሄድ ነበር።

ዕቁብ ሲደርሰኝ አሥር ሺ ብር ይዤ ግራና ሄድኩ። አምስቱ መደብ ተነቅሎ አክስቴ በረንዳው ላይ ሽንኩርት ይለያሉ፤ ትልቁን ለገበያ፣ ትንሹን ለቤት። የልጃቸው ኒካህ ወደ ሚቀጥለው ዓመት መዛወሩን በዚያው ነገሩኝ፤ ሲነግሩኝ ቅሬታ የሚባል ነገር በድምፃቸው የለም። ልጅቷ ውስጥ ሆና ስትሠራ ይሰማኛል። ወጥታ ግን ሰላም አላለችኝም።

ብሩን አጠገባቸው አስቀመጥኩ።

«ምንድን ነው ይኸ?»

«ካሳ ነው፣ እትየ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

አላነሡትም። አንድ ሽንኩርት አገላብጠው አዩና ወደ ትንንሾቹ ጣሉት።

«ካሳ የሚከፍለው እኮ የተከፈለው ሰው ነው» አሉ። «ለደላላው አንድ ሺውን ሰጥቼው እንዲህ ቢያደርገኝ ኖሮ ሽማግሌ ፊት አቁሜ ሐቄን እጠይቀው ነበር። ገበያው ያውቀዋል፣ የት ይደርሳል፣ ይከፍለኝ ነበር። አንተ በነጻ ነው የሠራህልኝ። በነጻ የሠራልኝን ሰው ምን ብዬ ልጠይቀው?»

ብሩን አንሥተው እጄ ላይ መለሱት።

«ማመስገን ብቻ ነው የተረፈኝ። ጀዛከላህ ኸይር፣ ልጄ።»

እየቀለዱብኝ እንደሆነ ለማወቅ ፊታቸውን ደጋግሜ አየሁት። እየቀለዱ አልነበረም።